አክስቴ የለወጠቻቸው መጨረሻዎች

አክስቴ የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ከሕንፃው በስተጀርባ፣ ግማሹ ከመሬት በታች ሆኖ የተሠራ ሲሆን መስኮቶቹ ከጣሪያው ሥር የተደረደሩ ናቸው፤ በእነሱ በኩል የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ብርሃኑም የሚገባው በዚያው ነው። ከማሽኖቹ ከሚወጣው እንፋሎት ጋር ይደባለቅና ወለሉ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ የሚቀር ይመስላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ የወረድሁ ዕለት ነጫጭ አንሶላዎች በጭጋጉ መካከል ከፍ ዝቅ ሲሉ አየሁ፤ የያዟቸውን እጆች ግን ወዲያው አላየሁም። ያጋነንሁ እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ፤ ነገር ግን ያየሁት እንደዚያ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ኮሌጅ ከገባሁ ጀምሮ የምኖረው ከእሷ ጋር ነው። አግብታ አታውቅም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ክንደ ብርቱ፣ መነጽሯን ዘወትር የምትረሳ፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትሸፍን ሴት ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ሬዲዮ» ይሏታል። ይህ ስም ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ስለ ሰባት ሰዓት መናገር አለብኝ።

በየቀኑ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት የእንፋሎቱ ኃይል የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ወደሚቀቀሉበት ክፍል ይዞራል። በዚያች ሰዓት የማጠቢያና የመተኮሻ ማሽኖቹ በሙሉ ጸጥ ይላሉ። ሠራተኞቹ ግን አያርፉም፤ ጠዋት የደረቀውን በእጅ ያጣጥፋሉ። አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይይዛሉ፣ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ይወጥሩታል፣ አንዴ ያራግፉታል፣ ከዚያም እየተራመዱ ይገናኙና ጣቶቻቸው ተነካክተው ጫፎቹን ይቀባበላሉ፣ እንደገና ይለያያሉ። በአክስቴ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሠሩት ሴቶች ሦስት ስለሆኑ አንዷ ሁልጊዜ ትተርፋለች። የምትተርፈው አክስቴ ናት፤ ታነብላቸዋለች። የእሷን ድርሻ ሁለቱ ይሠሩላታል፤ ይህን ማንም አላዘዘም፣ ማንም ደግሞ አጉረምርሞበት አያውቅም።

ከሁለቱ አንደኛዋ የተቀደዱ አንሶላዎችን የሚጠግኑት አዛውንት ናቸው፤ ሁሉም «እማማ» ይሏቸዋል። ሌላዋ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ናት፤ ስሟን የሚጠራ የለም፣ «ቀጮ» ነው የሚሏት። የቀጮ እጮኛ ከአራት ዓመት በፊት ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሄዷል። ላለፉት ሁለት ዓመት ተኩል አንድም ደብዳቤ አልጻፈም።

አክስቴ ከከተማው ቤተ መጻሕፍት የምትዋሰው አንድ ዓይነት መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ፍቅርና አስማት የተደባለቁበትን ልብ ወለድ። እኔ የማጠናው ሥነ ጽሑፍ ነው፤ መምህሮቻችን እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ከቁም ነገር አይቆጥሯቸውም። እኔም በክፍል ውስጥ ስማቸውን አንስቼ አላውቅም። ቤት ግን አክስቴ ጨርሳ ካስቀመጠቻቸው በኋላ አንድ በአንድ አነብባቸው ነበር። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ያሉ ሰዎች በሺህ ሕዝብ መካከል የወደዱትን ሰው በእርምጃው ድምፅ ይለዩታል። እኔ የማውቀው ሰው መንገድ ላይ ሲመጣ ከሩቅ ካየሁ፣ ምን ብዬ ሰላም እንደምለው ሲጨንቀኝ የጫማዬን ክር ለማሰር የማጎነብስ ሰው ነኝ። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የወደድኋቸው።

የአክስቴ አነባበብ ግን ከእኔ ይለያል። እሷ ከመጽሐፉ ጋር ትከራከራለች። በአንዱ መጽሐፍ ውስጥ ፀሐይ ስትጠልቅ ወፍ የሚሆን ወጣት ነበር። የሚወዳት ልጅ ወዴት እንደሚጠፋ ስለማታውቅ ሌላ ሴት ያለችው ይመስላትና ከልቧ ታዝናለች። አክስቴ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ፦

«ይህን ሁሉ አስማት ችሎ፣ ‹ሲመሽ ወፍ እሆናለሁ፣ አትቀየሚኝ› ብሎ አንዲት ብጣሽ ወረቀት መጻፍ ያቅተዋል?» አለች። «ወንድ ልጅ ክንፍም አብቅሎ ያው ነው!»

በሌላኛው መጽሐፍ ውስጥ የጨረቃ ብርሃን ፈትላ የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጥላውን ላጣና ቀስ በቀስ ከዓይን እየተሰወረ ለሚሄድ ሰው ኮት ትሰፋለታለች፤ ከዓለም ጋር አያይዞ የሚያቆየው ያ ኮት ብቻ ነው። እኔ ያለቀስሁት ሲሳሳሙ ነበር። አክስቴ ያለቀሰችው ግን እኔ ልብ ሳልል ባለፍሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ሰፊዋ የኮቱን ጎን ስትገጥም ወደ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ትተዋለች።

«አልገባሽም?» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች። «ሲያረጅና ሲወፍር ስፌቱን ፈትታ እንድታሰፋለት እኮ ነው! ገና ስሙን ሳታውቅ እስኪወፍር ድረስ አብራው ልትኖር አስባለች።»

ያን ገጽ ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። መምህሮቼ ከሰጡኝ ትምህርት ሁሉ በላይ ማንበብ ማለት ምን እንደሆነ ያስተማረኝ ያ ትርፍ ጨርቅ ሳይሆን አይቀርም።

ነገር ግን ያንኑ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ሳነብ ግራ ተጋባሁ። አክስቴ ማታ ራት ላይ ስትተርክልኝ፣ የጨረቃው ክር ጸንቶ ሰውየው እንደተረፈ ነግራኝ ነበር። በመጽሐፉ ላይ ግን ክሩ ይበጠሳል፤ ጎህ ሲቀድ ኮቱ ብቻ ወንበር ላይ ይቀራል። መጀመሪያ የዘለልሁት ገጽ ያለ መስሎኝ ወደ ኋላ ተመለስሁ። ከዚያ መጽሐፉ ሁለት ዓይነት እትም ይኖረዋል ብዬ አሰብሁ። የወፉን መጽሐፍ ባነብብ ወፉ በበረዶ ሞቷል፤ አክስቴ የነገረችኝ ደግሞ ሦስት ልጆች ወልደው በሰላም እንደኖሩ ነው። ይህን ሁሉ እያየሁ እንኳ ያጠፋችው እሷ ትሆናለች ብዬ ለማሰብ አልደፈርሁም።

የገባኝ በኮሌጁ የእረፍት ወቅት አንድ ቀን መነጽሯን ቤት ረስታ ስትሄድ ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ይዤላት ወረድሁ። ማሽኖቹ ጸጥ ብለዋል። አክስቴ ከፍ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ወፍራም መጽሐፍ ዘርግታ፣ ያለ አንዳች መደናቀፍ እያነበበች ነበር። ያለ መነጽር የአውቶቡስ ቁጥር እንኳ መለየት የማትችል ሴት!

መጽሐፉ በሐይቅ ዳር ስለምትኖር ሴትና ስለ ወዳጇ ነው። ሰውየው በላዩ ባለ ድግምት ምክንያት ጠዋት ጠዋት ጭጋግ እየሆነ ውኃው ላይ ይበተናል። አንድ ቀን ድግምቱን የሚፈታለት ፍለጋ ሲሄድ «መስኮትሽን አትዝጊ» ይላታል። ሰባት ዓመት ትጠብቀዋለች። በሰባተኛው ዓመት የሆነውን አክስቴ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከጣሪያው ሥር ካሉት መስኮቶች ላይ አየችው።

«ጭጋጉ በመስኮቱ ገባ» አለች፣ ዓይኖቿ የእግሮቹን ጥላ እየተከተሉ። «ወለሉ ላይ ተሰበሰበ። እግር ሆነ፣ ወገብ ሆነ፣ ትከሻ ሆነ። ፀጉሩ ርጥብ ነበር። ‹ቆየሁብሽ› አላት። ‹እራት ቀርቧል› አለችው።»

እማማ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ቀጮ ያልታጠፈውን አንሶላ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ቀረች። መነጽሩን ኪሴ ውስጥ መልሼ ከተትሁትና በሩ ጥግ ጠበቅሁ። ያን ቀን ማታ የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ አነበብሁ። እንደጠረጠርሁት ነው፤ ለአክስቴ ግን አልተናገርሁም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ዓርብ ቀን አክስቴን ለምሳ ፈልጌ ስወርድ እማማና ቀጮ አንሶላ ወጥረው እየተነጋገሩ ነበር። የሆስፒታሉ አናጺ፣ ሚስቱ የሞተችበት ዝምተኛ ሰው፣ ቀጮን ለትዳር እንዲጠይቁለት እማማን ልኳቸው ኖሯል።

«ሰውየው መልስ ይፈልጋል እኮ፣ ልጄ» አሉ እማማ። «በወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሊዛወር ነው።»

«በሰላም ይሂድ።»

«በሰላም ይሂድ? ያንን ጋሪ ስንት ጊዜ ነው ሊጠግን የመጣው? ጋሪው እኮ ተሰብሮ አያውቅም! ደህናውን ጎማ እየፈታ ሲያስር አንድ ዓመት ሞላው!»

ቀጮ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ከበደ። «እማማ፣ እኔ ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

«ሁለት ዓመት ተኩል እስክሪብቶ ያላነሳ ሰው!»

«እሷ ሰባት ዓመት ጠበቀች። ሁሉም ‹ዝጊው መስኮቱን› እያላት ጠበቀች። መጨረሻ ላይ መጣላት አይደል? ሬዲዮ፣ ንገሪያቸው እስቲ!»

አክስቴ እጇ ላይ ያለውን የትራስ ልብስ ትኩር ብላ አየችው።

«መጣላት» አለች። ድምፅዋ የተሰማው በጭንቅ ነው።

«ይኸው!» አለች ቀጮ። «ለአናጺው ሰኞ እነግረዋለሁ። ቁርጡን።»

አክስቴ ከሥራ ስትወጣ አብረን በእግር ተመለስን። የሆስፒታሉን ረጅም አጥር ጨርሰን ታጠፍን።

«ሰማያዊውን አንብበሽዋል?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አዎ፣ አክስቴ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ምን ልበላት? አንቺን ላለማሳፈር ብል እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉው እውነት አይደለም። መናገር ስለፈራሁ ነው። እሷም ዝምታዬን ለምዳዋለችና አልተጫነችኝም።

«መጀመሪያ ያደረግሁት ከስድስት ዓመት በፊት ነው» አለች። «አንድ ጠዋት ከሕፃናቱ ክፍል ሁለት ትንንሽ አንሶላዎች ለብቻ ታስረው መጡ። ለብቻ ታስሮ ሲመጣ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ማንም አይነግረንም፣ እኛም አንጠይቅም። እማማ ዝም ብለው አጠፏቸው። የዚያን ቀን ተራው የደረሰበት ገጽ ላይ ደግሞ ልጅቷ ልትሞት ነው። አልቻልሁም። ገጹን ገለጥሁና አዳንኋት። ሁለቱም ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲያ እጄ ለመደ።»

«ለደግ ብለሽ እኮ ነው» አልሁ።

«ለደግ ብዬ!» ቆም አለች። «ሰው ዕድሜውን በእኔ ፈጠራ ላይ አስይዞ ሲቀመጥ፣ እኔ ለደግ ብዬ ነው ልበል? እውነቱን ከነገርኋት ደግሞ ከእንግዲህ ማን ‹አንብቢልን› ይለኛል? ያቺ አንዲት ሰዓት እኮ ናት ያለችኝ።»

እኔም ከዚያች ሰዓት ሌላ የሌለኝ መሰለኝ። ያም ሆኖ ምን ማድረግ እንዳለባት አልጠየቀችኝም። ሰኞ ጠዋት ጫማዋን ስታስር «ዛሬ አብረሽኝ ዋዪ፤ ጥግ ይዘሽ ተቀመጪ፣ ይበቃኛል» ብቻ አለችኝ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ማሽኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። የመጨረሻው እንፋሎት ወደ መስኮቶቹ እየተንሳፈፈ ወጣ። አክስቴ በርጩማዋ ላይ አልተቀመጠችም። ቆማ መነጽሯን አጠለቀች፤ ሰማያዊውን መጽሐፍ ገለጠች።

«ይሄን ጨርሰነው የለ እንዴ?» አሉ እማማ።

«አልጨረስነውም» አለች አክስቴ። «የጨረስሁት እኔ ነኝ። ደራሲው የጨረሰው እንደዚህ ነው።»

አነበበች። አንባቢዋን ለሚያውቅ ሰው ይህ ንባብ እንግዳ ነበር፤ ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው የምትሻገረው ወንዝ ላይ ድንጋይ እንደምትረግጥ ነበር። በእውነተኛው መጨረሻ ሰውየው ድግምቱን የሚፈታለት አያገኝም። በሰባተኛው ዓመት ግን ጭጋግ እንደሆነ ይመለሳል፤ መስኮቱ ሥር ይደርሳል፣ ጣራዋን ይዳስሳል፣ ክፍሏ ውስጥ ገብቶ ብርድ ልብሷን ያረጥባል። ሴትዮዋ አታውቀውም። ተነሥታ ትከሻዋን በሻርፕ ትሸፍንና «ዛሬስ በረደኝ» ብላ መስኮቱን ትዘጋለች። መጽሐፉ በዚያ ያልቃል።

የጋሪ መንኮራኩር ድምፅ ከላይ ካለው ኮሪደር ተሰማ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።

«እና መጣ ያልሽው?» አለች ቀጮ።

«ከራሴ ነው።»

«‹እራት ቀርቧል› ያለችውስ?»

«እሱም ከራሴ ነው።»

«ወፉስ?»

«ሞቷል። በረዶ ላይ።»

«ኧረ ወፉን እንኳ ተዪልን!» ብለው ጮኹ እማማ። «ሦስት ልጆች አሉት ብለሽ አልነበር?»

«ልጆችም የሉትም፣ እማማ።»

«የጨረቃ ክር የምትፈትለዋስ?» አለች ቀጮ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻል ነበር።

«ተበጥሷል።»

ቀጮ አንሶላውን ሳታጥፍ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምሁት» አለች። «ቀስ ብዬም ቢሆን ማንበብ እችላለሁ። አንቺ ስታነቢ ስለሚያምር ነው ዝም ብዬ የሰማሁት። አመንኩሽ እኮ!» እጇን ዘረጋች። አክስቴ መጽሐፉን ሰጠቻት። ቀጮ በብብቷ ይዛው ወጣች፤ ያን ቀን ለአናጺውም ለማንም ምንም አልተናገረችም።

የሚቀጥሉት ሦስት ቀናት የከበዱ ነበሩ። አክስቴ ማታ ስትመለስ ከበሩ ላይ ሆና «ዛሬም አላናገረችኝም» ትላለች፤ ሌላ ወሬ የለም። በሰባት ሰዓት በርጩማው ባዶውን ይቆማል። እማማ ከአንዷ ጋር አንድ አንሶላ፣ ከሌላዋ ጋር አንድ አንሶላ ያጥፋሉ፤ ሁለቱ እርስ በርስ ጫፍ አይቀባበሉም። «የሁለት ኩርፈኛ ምራቶች አማት የሆንሁ መሰለኝ» ብለው ነበር እማማ፤ ማንም አልሳቀላቸውም። አክስቴ ቤት ውስጥ አዲስ መጽሐፍ አልገለጠችም። እኔ ከአጠገቧ እየተቀመጥሁ የማጽናኛ ቃል እፈልግ ነበር፤ ያገኘሁት ሁሉ ከመጽሐፍ የተዋስሁት ስለመሰለኝ ሳልናገረው ቀረሁ።

ዓርብ ዕለት ሳትጠራኝ ወረድሁ። እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ ስለማላውቅ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜአለሁ። ስደርስ ማሽኖቹ ገና መቆማቸው ነበር። ቀጮ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተደግፋ፣ መጽሐፉን በሁለት እጇ ይዛ አክስቴን እያየቻት ነበር።

«ጨረስሁት» አለች። «ከመጀመሪያው ጀምሬ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።»

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች።

«መስኮቱን ስትዘጋ ታለቅሻለሽ አይደል?»

«ሁልጊዜ።»

«እኔ አላለቀስሁም። ደስ አለኝ።» ቀጮ ገጹን ገለጠች፤ ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች። «ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ራሷ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ሐይቁ እንዲህ አለ፣ እሱ እንዲህ አለ፣ ሰዉ እንዲህ አለ። እዚህ ላይ ብቻ ነው ‹በረደኝ› ያለችው። በረዳት፣ ተነሣች፣ ዘጋች። ምን ያስለቅሳል?» መጽሐፉን ዘጋችው። «እኔም በርዶኛል፣ ሬዲዮ። ሁለት ዓመት ተኩል።»

ይህን ስሰማ ያንን ምዕራፍ እንዳላነበብሁት ተሰማኝ። አክስቴ አዝናበት መጨረሻውን ሠወረችው፤ እኔ አፍሬ ዝም አልሁበት፤ ይህች ሴት ግን ገብታ እስክትሞቅ ተቀመጠችበት።

«ታዲያ አናጺውን እሺ ልትይው ነው?» አሉ እማማ፣ አንገታቸውን አስግገው።

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ እማማ! እሺ አላልኩትም። ነገ ሻይ ጋብዘኝ ነው ያልሁት።»

«ምን አለሽ?»

«ጋሪውን ልየው ወይ አለኝ።»

እማማ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፉ። አክስቴም ሳቀች፤ አፏን ለመሸፈን እንኳ አልታወሳትም፤ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ቀጮ ግን ገና አልሳቀችም።

«ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም» አለቻት። «ያንን ሌላ ጊዜ እናየዋለን። ከዛሬ ጀምሮ ግን የማነበው እኔ ነኝ። አንቺ ታጥፊያለሽ።»

«እሺ» አለች አክስቴ።

«እየተንተባተብሁም ቢሆን።»

«እሺ አልሁ እኮ።»

ቀጮ ከቦርሳዋ አንድ ሌላ መጽሐፍ አወጣች። በራሷ ስም ከቤተ መጻሕፍቱ የተዋሰችው የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው፤ አክስቴም እኔም አይተነው አናውቅም። በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች ጀመረች። በየዓረፍተ ነገሩ መካከል ትቆማለች፣ ረጅም ቃል ሲገጥማት ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ትለማመደውና ድምፅዋን ታወጣለች። በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት ልጅ ከጉድጓድ ውኃ ስትቀዳ ከታች የራሷ ያልሆነ ፊት ወደ እሷ ያያል። ፊቱ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

አክስቴና እማማ አንድ ነጭ አንሶላ በመካከላቸው ወጥረዋል። ከላይ የወረደው ብርሃን አንሶላው ላይ ዐርፏል። እማማ ጫፋቸውን ይዘው ወደ ፊት ተራመዱ፤ አክስቴ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ከዚያስ?» አለች። «ምን አላት?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለች ቀጮ፣ ዓይኗን ከገጹ ሳትነቅል። «ቆይ ልድረስበት።»

«ነዪ እንጂ አንቺ፣ እጄ ዛለ!» አሉ እማማ።

አክስቴ ወደ ፊት ተራመደች፤ ጫፎቹን ተቀባበሉ።